ከካርቦን የሚነደፍ ኢምንት ሌዘር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፀጉር ዘለላ በሺዎች እጥፍ የሚያንስ ሌዘር፣ ያውም ከካርቦን። ሲሰሙት ተረት ይመስላል። ግን በስሌት የተሠራ ንድፍ አለው፤ ፊዚክሱም የታወቀ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ አንድ ነገር ሌዘር ለመሆን ምን ያስፈልገዋል?

ሦስት ነገር። ጉልበት የሚሰጠው ምንጭ፣ ብርሃን የሚያበዛ ቁስ፣ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስ ክፍል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መስታወቶች ናቸው።

አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሚሆነውን አስታውሱ። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሳል። ማንም አላፏጨም። ከስፒከሩ የወጣች ትንሽ ድምፅ ማይክሮፎኑ ውስጥ ትገባለች፣ ጎልታ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች፣ ይበልጥ ጎልታ ትወጣለች። በየዙሩ ከሚጠፋው የሚጨመረው ሲበልጥ አንድ ቃና ብቻ አዳራሹን ይሞላዋል። ሌዘርም ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚዞረው ብርሃን መሆኑ ነው።

ብርሃን እንዴት ይበዛል? መልሱን አልበርት አይንስታይን በ1917 ሰጥቶታል። ጉልበት አዝሎ የተቀመጠ አተም፣ ተስማሚ ብርሃን ሲያልፍበት የዚያኑ ብርሃን ቅጂ ሊለቅ ይችላል። ቀለሙ አንድ፣ አቅጣጫው አንድ፣ ምቱም አንድ። ሐሳቡ መሣሪያ እስኪሆን ግን 43 ዓመት ፈጀ። ሜይ 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ ከሩቢ ዘንግ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ።

ታዲያ ዝም ብሎ አሳንሶ መሥራት ምን ያስቸግራል?

ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገድ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ሰው ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዞ ሲያወዛውዝ መሃሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ግማሽ ሞገድ ነው። ከዚያ ያነሰ በሁለቱ ሰዎች መካከል ቆሞ ሊወዛወዝ አይችልም። በሁለት መስታወት መካከልም እንደዚያው። ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የቀይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ 325 ይሆናል። ጠጣር ቁስ ውስጥ ሞገዱ ያጥራል፤ ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ይሻሻላል እንጂ ችግሩ አይጠፋም።

ለማነጻጸር ያህል፣ የዲኤንኤ ውፍረት 2 ናኖሜትር ነው። የዘመኑ ትራንዚስተር ክፍሎችም በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር ይለካሉ። ኤሌክትሮን በምቾት የሚመላለስበት ጠባብ ቤት ውስጥ ብርሃን አይገባም። የዚህ ሁሉ ምርምር መነሻ ይቺ እልህ ናት።

ስፔዘር የሚባለው ምንድን ነው?

ያንን ግድግዳ በጎን የሚያልፍ ብልሃት ነው። ሐሳቡን ዴቪድ በርግማን እና ማርክ ስቶክማን በ2003 አቀረቡት። ስሙም ሌዘር ከሚለው ስም ተቀጥሎ የወጣ ነው።

ውሃ የሞላ ሳፋ ይዛችሁ ስትራመዱ ውሃው ወዲያና ወዲህ ይናጣል። ብረት ውስጥ ያሉ ነፃ ኤሌክትሮኖችም ብርሃን ሲነካቸው እንደዚያ ተያይዘው ይናጣሉ። ይህ የጋራ ንጠት ፕላዝሞን ይባላል። ፕላዝሞን ከብርሃኑ ጋር እኩል ይርገበገባል፤ የሚይዘው ቦታ ግን ከብርሃኑ ሞገድ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ስፔዘር እንግዲህ በብርሃን ምትክ ፕላዝሞን የሚያበዛ ሌዘር ነው። መስታወት አያስፈልገውም። የሚናጠው ቅንጣት ራሱ ቤቱ ነው።

ጨረሩ ግድግዳ ላይ ይታያል?

አይታይም። የስፔዘር ዋና ምርት ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ የሚቀር የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ከፊሉ እንደ ብርሃን ሊያመልጥ ይችላል፤ ግን እንደ ሌዘር ጠቋሚ ቀጥ ያለ መስመር አትጠብቁ። ብዙ ሰው «ኢምንት ሌዘር» ሲባል በሐሳቡ ኢምንት ጠቋሚ ይስላል። ያንን ስዕል ከአሁኑ ብንጥለው ቀሪው ሁሉ ይቀላል።

በወርቅም ሆነ በሌላ፣ ስፔዘር ተሠርቶ ያውቃል?

አዎ። በ2009 ሚካኤል ኖጊኖቭና ባልደረቦቹ 44 ናኖሜትር የምታህል ድቡልቡል ቅንጣት ሠርተው አሳዩ። መሃሏ 14 ናኖሜትር ወርቅ፣ ዙሪያዋ ቀለም የተቀላቀለበት የሲሊካ ልባስ። ወርቁ ይናጣል፣ ቀለሙ ጉልበት ያቀብለዋል። የወጣው ብርሃን 531 ናኖሜትር፣ ማለትም አረንጓዴ ነበር። በዚያው ዓመት በርክሌይ የሚገኘው የዢያንግ ዣንግ ቡድን የካድሚየም ሰልፋይድ ቀጭን ሽቦ ብር ላይ አጋድሞ ሌላ የፕላዝሞን ሌዘር አሳየ።

ወርቅና ብር ካሉ ካርቦን ምን አመጣው?

ወርቅና ብር አባካኞች ናቸው። ውስጣቸው የሚናጠው ፕላዝሞን በጥቂት አሥር ፌምቶሰከንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ የቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚያፈስ በርሜል ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ ስንት ቧንቧ መክፈት እንደሚያስፈልግ አስቡት። ጉልበት ሰጪው ካልበረታ ስፔዘሩ አይነሳም፤ ከበረታ ደግሞ ቅንጣቷ ትግላለች።

ሌላው ችግር ግትርነታቸው ነው። የወርቅ ቅንጣት አንዴ ከተሠራች ቃናዋ፣ ማለትም የምትናጥበት ፍጥነት፣ በቅርጿና በዙሪያዋ ባለው ነገር ተወስኖ ይቀራል። ግራፊን የሚባለው አንድ አተም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ገጽ ግን ይታዘዛል። ቮልቴጅ ሲሰጠው የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ይለወጣል፤ እሱ ሲለወጥ የፕላዝሞኑ ቃና አብሮ ይለወጣል። እንደ ክራር አውታር እያጠበቁ መቃኘት ነው። በ2012 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ አንዱ አሜሪካ አንዱ ስፔን፣ የግራፊን ፕላዝሞን ሲሄድና ሲንጸባረቅ በምስል አሳይተዋል። ቮልቴጁን ሲለውጡትም ሞገዱ ሲረዝምና ሲያጥር ታየ። ቆንጆ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጽሑፎች ሳይነግሩን ያልፋሉ። የግራፊን ፕላዝሞን የሚመቸው በመካከለኛው ኢንፍራሬድና በቴራኸርትዝ ክልል ነው። በዓይን በሚታየው ብርሃን ወርቅና ብርን አይተካም። ስለዚህ ካርቦን «ይበልጣል» ሲባል «የት ላይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ግራፊንና ናኖቲዩብ ምን አገናኛቸው?

አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የእርሳስ ውስጠኛው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው። ግራፋይት ደግሞ ተነባብሮ የተከመረ የካርቦን ገጽ ነው። አንዷን ገጽ ነጥላችሁ ብታወጡ ግራፊን ይሏታል። ውፍረቷ አንድ አተም ብቻ ነው፣ 0.335 ናኖሜትር ገደማ። ላይዋ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ማንችስተር ውስጥ ይህችን ገጽ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ አወጧት። ሥራቸው በ2004 ታተመ፣ በ2010 የኖቤል ሽልማት አመጣላቸው። ውድ መሣሪያ ለሌለው ተመራማሪ እንደዚህ የሚያጽናና ታሪክ ጥቂት ነው።

ያችን ገጽ ብትጠቀልሏት ናኖቲዩብ ትሆናለች። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ባሳተመው ሥራ ዓለም ልብ አላት።

አሁን ባለመስመር ወረቀት አንሱና ጠቅልሉ። መስመሮቹን ተከትላችሁ ብትጠቀልሉ ቀለበት ይሆናሉ። ትንሽ አጋድላችሁ ብትጠቀልሉ ግን እንደ ብሎን ጥርስ እየዞሩ ይወጣሉ። ወረቀቱ ያው ነው፣ ቱቦው ግን ሌላ ሆነ። ናኖቲዩብ ላይ ይህ የማጋደል ጉዳይ የሞት ሽረት ነው። አጠቃለሉ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል፤ ለምሳሌ 6 እና 5። የሁለቱ ልዩነት ለ3 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ቱቦው እንደ ብረት ነው። ካልተካፈለ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪክ በከፊል የሚያስተላልፍ፣ ብርሃንም ሊሰጥ የሚችል ቁስ። 6 ሲቀነስ 5 አንድ ነው፣ ስለዚህ ያበራል። 6 እና 6 ቢሆን ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ብረት ነው፣ አያበራም።

በ2014 የወጣው ንድፍ ምን ይላል?

አውስትራሊያ በሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ቻናካ ሩፓሲንጌ፣ ኢቫን ሩክሌንኮ እና ማሊን ፕሪማራትኔ ያቀረቡት ንድፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የተሠራ ስፔዘር አሰቡ። ሥራ ተከፋፍሏል። ናኖቲዩቡ ጉልበት አቀባይ ነው። አጠገቡ ያለችው ትንሽ የግራፊን ቅራፊ ደግሞ የምትናጠው ናት።

እኔን የሚያስደንቀኝ በሁለቱ መካከል የሚሆነው ነገር ነው። ናኖቲዩቡ ከውጭ ብርሃን ይውጣል። ውስጡ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፣ የተነሳበት ክፍት ቦታ ይቀራል። ኤሌክትሮኑና ክፍቱ ቦታ ተሳስበው አብረው ይንከራተታሉ። ይህ ጥንድ ኤክሳይተን ይባላል። ኤክሳይተኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወይ ያበራ ነበር፣ ወይ በሙቀት ይከስም ነበር። አሁን ግን ጥቂት ናኖሜትር ርቀት ላይ ቅራፊዋ ተቀምጣለች። ኤክሳይተኑ ጉልበቱን ብርሃን ሳያደርግ በቀጥታ ያቀብላታል። በመሃል የሚበር ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ የለም። እጅ በእጅ ቅብብል ነው።

ያችኛዋ ደግሞ ትናጣለች። ንጠቷ በበረታ ቁጥር ቀጣዩ ኤክሳይተን ጉልበቱን ቶሎ እንዲያቀብል ትገፋፋዋለች። የማይክሮፎኑ ፉጨት እዚህ ጋ ተመልሶ መጣ።

ናኖቲዩብ ለዚህ ሥራ ለምን ተመረጠ?

ኤክሳይተኑ ጠንካራ ስለሆነ። በብዙ ተራ ሴሚኮንዳክተሮች ውስጥ የክፍል ሙቀት ብቻውን ጥንዱን ያፋታዋል። የክፍል ሙቀት ጉልበት ወደ 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ናኖቲዩብ ውስጥ ጥንዱን ያሰረው ጉልበት ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ መሸሻ የላቸውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ ይሠራል። በዚያ ላይ ቅራፊዋና ቱቦው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ካርቦን፣ ሁለቱም ጠንካራ፣ ሁለቱም ሙቀት አስተላላፊ።

«መንደፍ» ሲባል በተግባር ምን ይሠራል?

ስሌት፣ ስሌት፣ አሁንም ስሌት። ነዳፊው የሚቆጣጠራቸው ቁልፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እርስ በርስ መጠላለፋቸው ነው ጣጣው።

መጀመሪያ ርቀት። ሁለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንዲህ ጉልበት ሲቀባበሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን ቅብብሉ 64 ጊዜ ይቀንሳል። ቱቦና ገጽ ሲሆኑ ቁጥሩ ይለያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ትንሽ መራቅ ብዙ ያስከፍላል። እንግዲያው ለምን አይጣበቁም? ሲጣበቁ ደግሞ ኤሌክትሮኑ ራሱ ዘሎ ይሄዳል፤ ወይም ጉልበቱ ወደማንፈልጋቸው ንጠቶች ተበትኖ ይጠፋል። ስለዚህ በመሃል ቀጭን ለያይ ነገር ይገባል።

ከዚያ አቀማመጥ። ናኖቲዩብ ጉልበቱን የሚሰጠው በቁመቱ አቅጣጫ ነው። ቅራፊዋ ደግሞ የምትናጥባቸው የተለያዩ ስልቶች አሏት፤ አንዳንድ ቦታዋ በጣም ይናጣል፣ አንዳንዱ ፀጥ ይላል። ቱቦውን ፀጥተኛው ቦታ ላይ ብታስቀምጡት ምንም ያህል ቢጥር አይሰማትም። ዥዋዥዌን ከመቀመጫው ሳይሆን ከላይ ከተሰቀለበት እንደመግፋት ነው። አቅጣጫው ከተጣረሰም በአንድ ጫፍ የሰጠውን በሌላው ጫፍ ይነጥቃል።

ቀጥሎ የቃና ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ እውነተኛ ጉተታ አለ። በብዛት የሚታወቁት ቀጫጭን ናኖቲዩቦች የሚያበሩት 1,000 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የግራፊን ፕላዝሞን ደግሞ ከዚያ እጅግ ረጅም ሞገድ ይወዳል። ታዲያ እንዴት ይገናኙ? ቅራፊዋን ማሳነስና ኤሌክትሮን ማብዛት ቃናዋን ያቀጥነዋል። በሌላ በኩል ወፈር ያለ ቱቦ መምረጥ የቱቦውን ቃና ያወፍረዋል። ሁለቱም ወደ መሃል ሲመጡ ይገናኛሉ። ቅራፊዋ በጣም ስታንስ ግን ጠርዟ ያስቸግራል፤ እያንዳንዱ የተዛባ የጠርዝ አተም ንጠቱን ያደናቅፋል።

የሞናሾቹ ሥራ ዋና ፍሬም ይህ ነው። ፕላዝሞን በብዛት እንዲመረት መጠኑ፣ ቦታውና የቁሱ ባሕርይ ምን ሊሆን እንደሚገባ አስልተዋል። ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ፍለጋ በሺህ የሚቆጠሩ አማራጮችን መሞከር ያስችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዱን መሥራት እንኳ ወራት ይፈጃል።

ታዲያ ይህ መሣሪያ ተሠርቷል?

የ2014ቱ ሥራ ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የተሠራ መሣሪያ የለም። ዜናው ሲሰራጭ «ሳይንቲስቶች ሠሩ» የሚሉ ርዕሶች መውጣታቸው ነው ነገሩን ያምታታው። ማስላት ቀላል ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ካርታና ቤት ለየቅል ናቸው።

ከወረቀት ወደ እጅ ለማምጣት ትልቁ ራስ ምታት ምንድን ነው?

ብዙ አለ። እኔ ግን አንዱን አስቀድማለሁ፤ ኤክሳይተኖቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሌዘር እንዲነሳ ብዙ ጉልበት አዝለው የሚጠብቁ ያስፈልጋሉ። ናኖቲዩብ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሁለት ኤክሳይተኖች ከተገናኙ መተላለፍ አይችሉም። ይጋጫሉ፤ አንደኛው ይጠፋል፣ ጉልበቱም ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ብርሃን በጨመራችሁ ቁጥር የሚጠራቀመው አብሮ አይጨምርም። ቅድም ያመሰገንነው ጠባብነት እዚህ ጋ መልሶ ወጋን።

ሁለተኛው ድክመቱ ነው። በ2002 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ስሞሊ፣ ብሩስ ዋይዝማንና ባልደረቦቻቸው ናኖቲዩቦችን በሳሙና መሰል ነገር አንድ በአንድ ለያይተው እንደሚያበሩ አሳዩ። ያ ትልቅ እርምጃ ነበር። ብርሃኑ ግን ደብዛዛ ነው። በተለመደው ናሙና ከ100 የተዋጠ ፎቶን ተመልሶ የሚወጣው አንድ ቢሆን ነው። አንዱ ምክንያት፣ ከሚያበራው ደረጃ በታች የማያበራ ደረጃ መኖሩ ነው፤ ኤክሳይተኑ እዚያ ወርዶ ይደበቃል። ሌላው በቱቦው ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ ኤክሳይተኑ ሲንከራተት እዚያ ደርሶ ይወድቃል።

ሦስተኛው መልቀም ነው። ናኖቲዩብ ሲመረት ዓይነቱ ተደበላልቆ ነው የሚወጣው፤ በግምት ሲሶው ብረት ነው። የሚያበራ ቱቦ ከብረቱ ጋር ከተጣበቀ ይጠፋል። በዲኤንኤ እየጠቀለሉ፣ በጄል እያሳለፉ፣ በሴንትሪፊዩጅ እያሽከረከሩ መለየት ተችሏል። ከዚያ ግን አንዱን ቱቦ አንስቶ፣ ከአንዲት ቅራፊ ጎን፣ በትክክለኛው ማዕዘን፣ በናኖሜትር ልክ ማስቀመጥ አለ። አንድ ጊዜ ይሳካ ይሆናል። ሚሊዮን ጊዜ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌሎች የካርቦን ዓይነቶችስ?

ካርቦን ዶት የሚባሉ ጥቃቅን አብሪ ነጥቦች አሉ። በ2004 ናኖቲዩብ ሲያጣሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሳይፈልጓቸው ያገኟቸው ናቸው። ናኖግራፊን የሚባሉ ትልልቅ ሞለኪውሎችም አሉ፤ ግራፊን በተቆረጠ ቁጥር የማብራት ዕድል ያገኛል። ሁለቱም ብርሃን እንደሚያበዙ ታይቷል። ናኖቲዩብ ላይ ሆን ተብሎ የሚጨመር ጉድለትም መላ ሆኗል። ኤክሳይተኑን ከመንከራተት አስቁሞ እዚያው እንዲያበራ ያደርገዋል። በ2017 ሎስ አላሞስ ውስጥ በዚህ መንገድ በክፍል ሙቀት አንድ በአንድ ፎቶን የሚለቅ ናኖቲዩብ ታይቷል። ያ ሌዘር አይደለም፤ የሌዘር ተቃራኒ ነው ማለትም ይቻላል። ግን የደብዛዛነት ችግር መፍትሔ እንዳለው ይነግረናል።

ካርቦን ዛሬ በእውነተኛ ሌዘር ውስጥ ሥራ አለው?

አለው፤ እሱም ከሚወራው ይልቅ የማይወራው ነው። ሥራው ብርሃን ማመንጨት ሳይሆን ብርሃን መቁረጥ ነው።

ግራፊን አንዷ ገጽ ብቻዋን 2.3 በመቶ ብርሃን ትውጣለች። ለአንድ አተም ውፍረት ይህ ብዙ ነው። ብርሃኑ በጣም ሲበረታ ግን ትጠግባለች። ኤሌክትሮኖቿ ሁሉ ስለተነሱ ሌላ የምትውጥበት ቦታ የላትም፤ ዝም ብላ ታሳልፋለች። ናኖቲዩብም እንደዚሁ። አሁን ይህን ነገር ፋይበር ሌዘር ውስጥ፣ ማለትም ብርሃን በቀጭን የብርጭቆ ክር የሚዞርበት ሌዘር ውስጥ ብታስገቡት፣ ደካማው ብርሃን እየተዋጠ ብርቱው ብቻ ያልፋል። በየዙሩ ይህ ሲደጋገም ብርሃኑ ተሰብስቦ አጭር ምት ይሆናል፤ በፌምቶሰከንድ የሚለካ ምት። በናኖቲዩብ በ2003 አካባቢ ተጀመረ፣ ግራፊን በ2009 ተከተለ። እዚህ ላይ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ መልቀም አያስፈልግም። እንዲያውም መደባለቃቸው ይጠቅማል፤ ለብዙ ቀለም ይሆናሉ።

ስልክ ልብስ ላይ ይታተማል የተባለውስ?

ከ2014ቱ ሥራ ጋር አብሮ የተሰራጨ ተስፋ ነው። ካርቦን ጠንካራና ተጣጣፊ መሆኑ እውነት ነው። ግን ስልክ ስክሪን አለው፣ ባትሪ አለው፣ አንቴና አለው። የፕላዝሞን ምንጭ ብቻውን ስልክን አያሳንስም። ስፔዘር ቢሳካ ቅርብ የሚመስለኝ ጥቅም ሌላ ነው፤ ቺፕ ውስጥ መረጃን ከክፍል ወደ ክፍል በፕላዝሞን ማሻገር። የካርቦን ኤሌክትሮኒክስ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ማየት የሚፈልግ ኮምፒውተሮቹን ይመልከት። ስታንፎርድ በ2013 ያሳየው የናኖቲዩብ ኮምፒውተር 178 ትራንዚስተር ነበረው። ኤምአይቲ በ2019 ከ14,000 በላይ አደረሰው። ተራ የሲሊከን ቺፕ በቢሊዮን ይቆጥራል።

ለካንሰር ሕክምና ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

ሐሳቡ አለ፤ ቅንጣቶቹን ካንሰሩ ጋ አድርሶ እዚያው ማጋል። በ2017 በወርቅ የተሠሩ 22 ናኖሜትር ስፔዘሮች ሕያው ሴል ውስጥ ሲያበሩ ታይቷል። እነሱ ግን የካርቦን አይደሉም፣ ሕክምናም ገና አይደሉም።

ለጤና አያሰጋም?

ፈሳሽ ውስጥ ወይም ቺፕ ላይ የታሰረ ሲሆን ስጋቱ ያነሰ ነው። የሚያስፈራው እንደ አቧራ ሲተነፈስ ነው። ረጃጅምና ደረቅ ናኖቲዩቦች በአይጥ ሰውነት ውስጥ እንደ አስቤስቶስ ዓይነት ጉዳት እንዳደረሱ በ2008 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 አንድ የተወሰነ ባለብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሌሎቹን ግን ለመመደብ ማስረጃው አልበቃም ብሏል። ደረቁን ዱቄት በጓንት፣ በጭምብልና በአየር መሳቢያ ስር ካልሆነ መንካት አይገባም።

ይህን ነገር ራሴ መሞከር ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ላቦራቶሪ ከሌላችሁ ከወረቀትና ከካልኩሌተር። የናኖቲዩብ ውፍረት ከሁለቱ ቁጥሮች ይገኛል። 6 እና 5ን ውሰዱ። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፤ 36 እና 25። እርስ በርስ አባዟቸው፤ 30። ደምሩ፤ 91። ስኩዌር ሩቱ 9.54 ነው። በ0.246 አባዙትና በ3.14 አካፍሉት። 0.75 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል።

አሁን በ9 እና በ1 ድገሙት። 81፣ 1 እና 9፤ ድምሩ አሁንም 91 ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ውፍረታቸው ፍጹም አንድ ነው። ሁለቱም ሴሚኮንዳክተር ናቸው። ፈሳሽ ውስጥ ግን የመጀመሪያው 975 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል፣ ሁለተኛው 910 አካባቢ። በውፍረት ብቻ የሚያጣራ ወንፊት እነዚህን ሁለት አይለያቸውም። ባለመስመር ወረቀቱን አንሱና አንዱን ብዙ አጋድላችሁ፣ ሌላውን ትንሽ አጋድላችሁ፣ እኩል ውፍረት አድርጋችሁ ጠቅልሏቸው። መስመሮቹ የሚዞሩበትን አቅጣጫ እዩት።